ከኤሊዳር ወዲያ

የአባቴን የመጀመሪያ ሲጋራ ማን እንደለኮሰለት ለብዙ ዓመት አላውቅም ነበር። ከዚያ በኋላ ካጨሳቸው ግን ስፍር ቁጥር የሌላቸውን የገዛሁለት እኔ ነኝ።

ወደ ሱቅ መላክ የጀመርኩት ትምህርት ቤት ሳልገባ ነው። «አንድ ፓኮ ኒያላ በል፤ መልሱን አጥብቀህ ያዝ» ይለኛል። መልሱ የኔ ነው፤ ደስታ ከረሜላ ይሆናል። ባለሱቁ በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ «አባትህ ገባ እንዴ?» ይለኛል። እኔ ሱቅ በር ላይ ከታየሁ የአሰቡ ሾፌር ከመንገድ መመለሱን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

አባቴ ኤንትሬ የምንላትን ፊያት ከነተሳቢዋ ይዞ አሰብ ይወርድ ነበር። ከሳምንት፣ አንዳንዴም ከዐሥር ቀን በኋላ ሲመለስ የቤታችን ሽታ ይለወጣል፤ ናፍታ፣ ላብ፣ የኒያላ ጭስ። የአባት ሽታ ማለት ይኸ ነው ብዬ ስላደግሁ፣ መምህር የነበረው የጓደኛዬ አባት ምንም ምንም አለመሽተቱ ይገርመኝ ነበር። በቤታችን አፍ አውጥታ የምትቆጣው አያቴ ብቻ ነበረች። «አፄ ዮሐንስ ቢኖሩ ይኼኔ ከንፈር የለህም» ትለዋለች። ንጉሡ ትምባሆ የሚያጤስን ሰው ከንፈሩን ያስቆርጡ ነበር የሚለውን ከአባቷ ሰምታ ነው። አባቴ ስቆ «እማማ፣ አፄ ዮሐንስ በሌሊት ሚሌን አልነዱማ» ይላል።

መልስ አጥቶ አያውቅም። ጎርምሼ ስለ ሳንባ ያነበብኩትን ይዤ ስመጣበት «መርዝ ቢሆን መንግሥት ይሸጠው ነበር?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ሲጋራውን የሚያመርተው መንግሥት ነበር፤ በ1930ዎቹ የተቋቋመውን ድርጅት የሱ ዘመን ሰዎች እስከ መጨረሻው «ሞኖፖል» ነው የሚሉት። ዛሬ ቢሆን በዚህ አይረታኝም፤ በ2010 ዓ.ም. አብላጫው ድርሻ ወደ ጃፓን ኩባንያ ዞሯል። ግን ሌላ መልስ አያጣም ነበር።

ትንፋሹ ማጠር የጀመረው መቼ እንደሆነ ማናችንም አላየንም። መጀመሪያ ዳገት ላይ ቆም ብሎ የሰው ግቢ አበባ የሚያይ መሰለ። ቀጥሎ ጫማውን ሲያስር ማረፍ ጀመረ። በ2004 ዓ.ም. ክረምት አንድ ሌሊት ከንፈሩ ጠቁሮ፣ ትከሻው እየተነሣ እየወደቀ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ አገኘነው። ሐኪም ቤት በመለኪያ ቱቦ አስነፉት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጊዜ። ዕድሜ ልኩን ጎማ ሲያስነፋ የኖረ ሰው የመለኪያዋን መርፌ ከግማሽ ማሳለፍ አቃተው።

በሽታው ሲኦፒዲ ይባላል፤ የአየር ቧንቧዎቹ ጠበው፣ የሳንባው ከረጢቶች ረግበው የማይመለሱበት ነው። ሐኪሙ ወጣት ነበር፤ አባባ እያለ ነው የሚያናግረው። በማዘዣ ወረቀት ጀርባ ላይ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ መስመር ሠራ። «ይኼ የሳንባዎ ጉልበት ነው፤ ይኼ ደግሞ ዕድሜዎ» አለው። መስመሩ ከአንድ ቦታ በኋላ ቁልቁል ይምዘገዘጋል። አባቴ ወረቀቱን አዙሮ አየና «ይቺማ የጣርማ በር ቁልቁለት ናት» አለ። ሐኪሙ ሳቀ፤ ከዚያ ከመስመሩ ላይ አንድ ሌላ፣ ረጋ ብሎ የሚወርድ መስመር አወጣ። «ሽቅብ ልንመልስዎ አንችልም። ዛሬ ሲጋራውን ከተዉ ግን በከባድ ማርሽ ይወርዳሉ።»

ያቺ ሥዕል የሐኪሙ ፈጠራ እንዳልሆነች ያወቅሁት በኋላ ነው። ፍሌቸርና ፒቶ የሚባሉ ሁለት እንግሊዛውያን በምዕራብ ለንደን የሚሠሩ ወንዶችን ለዓመታት ተከታትለው በ1977 እ.ኤ.አ. ያወጧት ናት። ከመስመሮቹ አንዱ በ45 ዓመቱ ያቆመ፣ ሌላው በ65 ዓመቱ ያቆመ ሰው ነው። አባቴ ያን ጊዜ 65 ዓመቱ ነበር። እኔ ይህን እንደ ተአምር ቆጠርኩት፤ እሱ ወረቀቷን አጥፎ ኪሱ ከተታትና ከሐኪም ቤቱ አጥር ውጭ ስንደርስ ለኮሰ።

ከዚያ በኋላ ስላደረግሁት ነገር ስጽፍ እጄ ይከብደኛል።

ፖሊስ ሆንኩ። ጠዋት ጠዋት የወተት ጣሳ ውስጥ የተተረኮሱትን ቁራጮች እቆጥራለሁ። ዐሥራ አራት። ዐሥራ አንድ። ስድስት ሲሆን ደስ ብሎኝ ለእማዬ ነገርኳት፤ እሷ ግን ቀና ሳትል «ሌላውን ከሽንት ቤቱ ጀርባ ቁጠር» አለችኝ። አሜሪካ ካለ የአጎቴ ልጅ የኒኮቲን ማስቲካ አስመጣሁ። አባቴ አንድ ጊዜ አላምጦ «ልጄ፣ በርበሬ መብላት ካማረኝ እናትህ አለችልኝ» ብሎ ፓኮውን መለሰልኝ። ሊጠይቁት የሚመጡ ዘመዶችም አላገዙኝም። «ከእንግዲህ ምን ይጠቅመዋል? ተዉት፣ ደስ ይበለው» ይላሉ። ደግነት ነው፣ አውቃለሁ። ግን ለአንድ ሰው ደስታ ብለን የምንተውለት ነገር ሁሌ ለእኛ የሚቀለን ነገር ነው፤ ሲታነቅ ሌሊት አጠገቡ የሚቀመጠው «ተዉት» ያለው እንግዳ አይደለም።

ከሁሉም የባሰው የሱቁ ነገር ነው። አንድ ቅዳሜ በሰፈራችን ያሉትን ሱቆች ሁሉ ዞርኩ። ለሱቅ በደረቴዎቹ ሳይቀር «ለአባቴ ሲጋራ እንዳትሸጡለት፤ ታሟል» አልኳቸው። መጨረሻ የደረስኩት አባቴ በልጅነቴ ይልከኝ ከነበረው ሱቅ ነው። የድሮው ባለሱቅ ሞቶ ልጁ ነበር የተተካው፤ ራሱን ነቀነቀልኝ። አዋቂ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ተመለስኩ።

በማግስቱ አባቴ ከዘራውን ይዞ ወጣ። ከቤታችን እስከ ሱቁ ሁለት መቶ ርምጃ ቢሆን ነው። ያን መንገድ ለመሄድና ለመመለስ አንድ ሰዓት ፈጀበት። የግቢው በር ሲከፈት በመስኮት አየሁት፤ ከንፈሩ አመድ መስሏል፣ እጁ ባዶ ነው። ባለሱቁ በመስኮቱ ላይ ተደርድረው ከቆሙ ሰዎች ፊት «ጋሼ፣ ልጅዎ ከልክሎኛል» ብሎታል። ገብቶ ተቀመጠ፤ እስኪተነፍስ ጠበቅሁት። ከተነፈሰ በኋላም አልተናገረኝም። ሦስት ቀን አልተናገረኝም። በሦስተኛው ቀን ማታ እራት ላይ፣ ለእናቴ በሚመስል ድምፅ፣ «ስልከው ይገዛልኝ ነበር፤ ዛሬ ራሴ ብሄድ ያስመልሰኛል» አለ።

እማዬ ያን ቀን ከሁለታችንም አልወገነችም። ዕቃውን አነሣስታ ስትጨርስ ግን እንዲህ አለች፤ «እኔ አርባ ዓመት በማገዶ ጭስ ዐይኔ ሲጠፋ፣ ማን ነው አቁሚ ብሎ ሱቅ ለሱቅ የዞረልኝ?» መልስ አልነበረኝም። ሐኪሙም ቀደም ብሎ ቤት ውስጥ ማን እንደሚያበስል ጠይቆ ነበር፤ የኩሽና ጭስ ይህንኑ በሽታ እንደሚያመጣ ነግሮን እሷም ትመርመር ብሎ ነበር። እኔ የአባቴን ቁራጭ ስቆጥር ያንን ረስቼዋለሁ። እስካሁን የሚቆጨኝ ከሱቁ ነገር እኩል ይኸኛው ነው።

በ2005 ዓ.ም. ከጥምቀት በኋላ ተኝቶ ሲወጣ የኦክስጅን ሲሊንደር ይዘን መጣን። አረንቻታ ጠርሙስ የሚያህል አልነበረም፤ ሰው ያህል ቆሞ ሳሎናችን ገባ። ሐኪሙ ስለዚህ ነገር አልቀለደም። ኦክስጅን ራሱ አይነድም፤ በእሱ የራሰ ልብስ፣ ፀጉርና ብርድ ልብስ ግን ትንሽ ፍም ካገኘ ይያያዛል። ሲጋራ ካልተወ መሣሪያው ከቤት መውጣት አለበት አለን። እማዬ በዚያው ቀን ከሰሏን፣ ረከቦቷን፣ ዕጣን ማጨሻዋን ሰብስባ ግቢ ጥግ ያለው ቆርቆሮ ሥር አስቀመጠች። ሠላሳ ምናምን ዓመት ሳሎን ያፈላችውን ቡና ውጭ ብርድ ላይ ማፍላት ጀመረች። ለአባቴ ምንም አላለችውም። በመስኮት ያያታል፤ እንፋሎቱ ሲወጣ፣ ነጠላዋን ስትከናነብ።

እኔ ያላየሁትን ያዩት የንስሐ አባቱ ናቸው። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት አያጨስም ነበር። ሲጋራ ጾም ይገድላል አይገድልም የሚለውን ክርክር ሾፌሮች በየሻይ ቤቱ ያነሡታል፤ እሱ ግን ሳይከራከር ይጾማል። መጋቢት ላይ ጾሙ ሲገባ ቄሱ ሊጠይቁት መጡና እጁን ይዘው «ለሕመምተኛ ጾም አይጸናበትም፤ ምግቡን ይብሉ። ጭሱን ግን ይጹሙልኝ» አሉት። «እስከ ስንት ሰዓት፣ አባ?» አላቸው። «እስከ ዘጠኝ ከቻሉ፣ እስከ ዐሥራ ሁለት መሞከር ነው። ከመሸ ደግሞ ይተኛሉ።»

ነገሩ ቀልድ ይመስላል፤ ግን ሒሳቡ ትክክል ነበር። ኒኮቲን በየሁለት ሰዓቱ ገደማ ከደም ውስጥ በግማሽ ይቀንሳል። ማታ አጭሶ የተኛ ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከቆየ ዋናውን ቁልቁለት ወርዶታል ማለት ነው። አባቴ ያን ቁልቁለት በየዓመቱ ለሃምሳ አምስት ቀን ሲወርድ ነው የኖረው፤ እኛ ግን «አልችልም» ሲል እናምነው ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አምሮቱ መጣበት። ጣቶቹ ብርድ ልብሱን መፈተል ጀመሩ። መብራት ጠፍቶ ሬዲዮም የለም። እኔም የምለው አጥቼ ተቀምጫለሁ፤ ከሱቁ ጉዳይ ወዲህ ምክር አቁሜያለሁ። «አሁን እኮ» አለኝ፣ «ሞጆን አልፌ የምለኩስበት ሰዓት ነው።» ከሞጆ እስከ ናዝሬት ሁለት ሲጋራ፣ ከናዝሬት ወለንጪቲ አንድ። ለካ መንገዱን በኪሎ ሜትር አይደለም የሚያውቀው።

«ሞጆ ላይ የት ነበር የምትቆሙት?» አልኩት። ወሬ ለማስቀየር ነው እንጂ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

ነገረኝ። በየሦስት ቃሉ እያረፈ ስለ አንዲት ሴት ምግብ ቤት ነገረኝ፤ ለሾፌሮች ዱቤ ስለምትይዝበት፣ ማንም የማያነበው ደብተሯ። ሲጨርስ ጣቶቹ ቆመው ነበር። አምሮቱ እንዲህ ነው፤ ማዕበል ሆኖ ይመጣል፣ ጥቂት ደቂቃ ከያዙት ይወርዳል። ይህን በወረቀት ላይ አንብቤ ለእሱም ብዙ ጊዜ ነግሬው ነበር። ቁጥሩን ስነግረው ያልገባው፣ እኔም ያልገባኝ፣ ሞጆ ላይ ለሁለታችንም ገባን።

ከዚያ ወዲያ ሥራዬ መጠየቅ ሆነ። በመጣበት ቁጥር ከቆምንበት እንነሣለን። መተሐራ ሦስት ቀን ፈጀ፤ ከፈንታሌ የወረደውን ጥቁር ድንጋይ፣ በሰቃ ሐይቅ እየሰፋ መንገዱን እንዴት እንደዋጠው። አዋሽ ሰባት። ከዚያ የአፋር ሙቀት፤ ቀን ተኝተው ሌሊት መንዳት፣ በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለለ የውኃ ጀሪካን። «ማን አስጀመረህ?» ብዬ የጠየቅሁትም አዋሽ ላይ ነው። «መንገዱ» አለኝ፤ አለፍን።

በመጀመሪያው ወር ሳሉ ባሰበት። «ይኸው፣ ብተው ገደለኝ!» ይላል። ቧንቧዎቹ መጥረግ ሲጀምሩ ለጊዜው ሳል ሊበዛ እንደሚችል ሐኪሙ አስቀድሞ ነግሮኝ ባይሆን ኖሮ እኔም ከእሱ ጋር ተስፋ እቆርጥ ነበር። ቁጣውም ነበረ። አንድ ቀን የሾርባ ሳህን ግድግዳ ላይ ወረወረ፤ እማዬ ግድግዳውን እየጠረገች «ጉልበትህ ተመልሷል፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለችው።

ገዋኔ ስንደርስ ጎረቤት ሰው ሞቶ ደግፌ ድንኳን ወሰድኩት። እኔ ንፍሮ ሳቀብል ወደ ውጭ ወጣ ብሎ ተመለሰ። ማታ ሳልጠይቀው ራሱ ነገረኝ፤ «ገዋኔ ላይ ጎማ ፈነዳብኝ።» ዐይኔን እያየ ነው። ጣሳውን ያስታውሳል፣ ቆጠራውን ያስታውሳል። «ትርፍ ጎማ አለ?» አልኩት። «አለ።» «እንግዲያው ቀይረን እንሂድ።» ሌላ አልተባባልንም። ከዚያ በኋላ ጎማ አልፈነዳም፤ ወይም ፈንድቶ ከሆነ አልሰማሁም፣ አልፈለግሁምም።

ሲጋራውን ተወና ዳነ ብል ደስ ባለኝ። አልዳነም። ግን ለፋሲካ የግቢውን በር ከፍቶ ወጥቶ ጎረቤት «እንኳን አደረሳችሁ» አለ። ሌሊት አፍንጫው ላይ ቱቦውን አድርጎ ሲተኛ እኛም ተኛን፤ እሳት ይነሣል ብሎ የሚጠብቅ አልነበረም። ከሁሉም በላይ ዐረፍተ ነገሩ ረዘመ። ሞጆን በየሦስት ቃሉ እያረፈ የነገረኝ ሰው ሚሌን ሲያወራ ሰባት ስምንት ቃል ሳያቋርጥ ይሄዳል። ሎግያን፣ ቀጥሎ ሰርዶን፤ በ1961 ዓ.ም. በመሬት መንቀጥቀጥ የፈረሰችውን ከተማ። እሱ ያኔ ገና ሾፌር አልነበረም፤ የሰማውን ግን ያየ ያህል ነው የሚያወራው።

ዲቾቶ ላይ መንገዱ ይከፈላል፤ ቀኙ ጋላፊ፣ ወደ ጅቡቲ፤ ግራው ኤሊዳር፣ ወደ አሰብ። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲነሣ የግራው ተዘጋ፤ አባቴም ከዚያ ወዲህ ጡረታ እስኪወጣ ወደ ቀኝ ብቻ ነው የታጠፈው። «አሰብ ብሆን እተነፍስ ነበር» ይል ነበር። የናፍቆት ወሬ ይመስለኝ ነበር፤ ሐኪሙ ግን እውነት አለው አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ለደከመ ሳንባ አየሯ ስስ ነው። አሰብ ባሕሩ ዳር ናት።

ዲቾቶን ከጨረስን በኋላ ሰዉ ሁሉ ብርድ የሚታመምበት የኅዳር ሰሞን መጣ። «ነገ ኤሊዳርን እነግርሃለሁ፤ እሱ ረጅም ነው» አለኝ። በነጋው ትኩሳት ነበረው። ከዚያ ሐኪም ቤት፣ ከዚያ ወደ ቤት፣ ከዚያ ደግሞ ሐኪም ቤት። በ2006 ዓ.ም. ጥር ላይ አረፈ። ሲጋራ ከተወ ዐሥር ወሩ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ለቀስተኛው ሲሳሳ አንድ ሽበታም ሰው ድንኳኑ ጥግ ብቻውን ተቀምጦ አየሁ። የድሮ ረዳቱ ነው፤ በልጅነቴ ከጋቢናው ላይ አንሥቶ ያወርደኝ ነበር። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ብዙ ዝም ካለ በኋላ «እኔ ነኝ» አለኝ።

«ምኑን?»

«ያስጀመርኩት። ሎግያን እንዳለፍን፣ እንቅልፍ አዳፍቶት ተሳቢዋ ከመንገድ ልትወጣ ስትል፣ ለኩሼ አፉ ላይ ያደረግሁለት እኔ ነኝ። እሱ እስከዚያ ቀን ጭስ አይወድም ነበር።» እጁ ይንቀጠቀጣል። «ነግሮህ ይሆናል።»

«አልነገረኝም። መንገዱ ነው ያለኝ።»

አንገቱን ደፋ። ትንሽ ቆይቶ ኪሱን ዳበሰ፣ አየኝ፣ ተነሥቶ ወደ ውጭ ወጣ። ተከተልኩት። ከአጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ኒያላውን በእጁ ይዞ ነበር፤ እኔን ሲያይ ሊመልሰው ፈለገ።

«ኤሊዳር ላይ የት ነበር የምትቆሙት?» አልኩት።

ሲጋራውን ሳይለኩስ በጣቶቹ መሃል እያገላበጠ ወደ ምሥራቅ አየ። «ከዲቾቶ ስትነሣ መጀመሪያ ቁልቁለት አለ» አለ። «ጨው ነው የሚመስለው ሜዳው። ሌሊት በጨረቃ ካገኘኸው ባሕሩ ጋ የደረስክ ይመስልሃል…»